ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

«እኛ በሠራንበት ጊዜ፣ ልጄ፣ በር መስበር አያስቸግርም ነበር፤ የሚያስቸግረው በሩ ፊት ቆሞ አለመስበር ነው።»

ጋሽ ደምሴ ይህን ያሉኝ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን ነው። ልጄ ገና ጡት ይጠባ ነበር። ውሃ ይለቀቃል በተባለበት ቀን እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበችና እኔ ጄሪካኖቻችንን ቧንቧው ሥር ደርድረን ተቀምጠናል። ጋሽ ደምሴ በከተማው ፖሊስ ውስጥ፣ ከባድ ነገር ሲመጣ በሚጠራው ልዩ ቡድን ሠርተው በሳጅንነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ያጫወቱንን ከአፋቸው እንደወጣ አስቀምጬዋለሁ።

ታዲያ ሰው ስለ እኛ ሲያስብ ምን ይመስለዋል መሰለሽ፣ ጥቁር ልብስ፣ ጋሻ፣ የብረት ቆብ፣ መኪናው እየጮኸ መጥቶ ቀጥ ሲል፣ ከዚያ በሩ ድው፣ ከዚያ «ተኛ፣ ተኛ»፣ አለቀ። ልጆች በፊልም የሚያዩት እሱን ነው። እሱም አለ፣ የለም አልልሽም። መሣሪያ ይዞ ሰው ያገተ ሲኖር ማን ይግባ? የሠፈሩ ጣቢያ ፖሊስ ያለችው ዱላና ሽጉጥ ናት፣ ያልተማረውን ግባ ብትይው ራሱም ይሞታል ሌላም ያስገድላል፣ እና እኛ እንገባለን፣ ለሱ ነው የተማርነው። ግን አብዛኛው ሥራችሁ ምን ነበር ብትይኝ፣ መቀመጥ ነው። ከቦ መቀመጥ። ሰዓቱ ሲሄድ ማየት።

«እሱንማ ቤትም አልረሳኸው» አሉ እትዬ ዘነበች።

ስሚያት እንግዲህ። እና በቡድናችን ሁሉም የየራሱ ሥራ ነበረው። አልሞ ተኳሽ አለ፣ ቁስለኛ የሚያክም አለ፣ በር የሚሰብሩ ሁለት ጎረምሶች አሉ። በሩን የሚሰብሩበት ወፍራም ብረት ነበር፣ በግራና በቀኝ እጀታ ያለው፣ ስሙን «ሽማግሌው» ብለነዋል። ለምን ብትይ፣ ሽማግሌ ተልኮ እምቢ አይባልም አይደል? እሱንም እምቢ ያለው በር የለም። አዛዣችን «በሉ ሽማግሌ ላኩ» ካለ አበቃ፣ ሙሽራይቱ ወጣች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የምይዘው ነኝ፣ የዘጋውን ሰው የማነጋግረው።

«ወሬ ስለማይጠግብ ነው የመረጡት።»

አዎ፣ እሺ፣ እሱም አለበት።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ክረምት ሊገባ ደመናው ወረድ ያለበት ሰሞን፣ ተጠራን። የት? እዚሁ ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ከፍ ብሎ ካለው መንደር። አንድ ሰው በሩን ከውስጥ ዘግቶ ጠመንጃ ይዟል፣ አንድ ጊዜ ተኩሷል፣ የቀረበኝን እገላለሁ ብሏል። ማን ነው? አያልነህ የሚባል አናጢ ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አግዳሚ ወንበር የሚሠራ፣ ቤቱም ሱቁም አንድ የሆነ፣ የሠራውን ደጁ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ። ሚስት የለውም፣ እናቱን ይጦር ነበር፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ብቻውን ነው። እና ያን ዕለት ቤቴል የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ከበደ ገዢ ይዞበት መጣ። የእናታችንን ቤት እንሽጠውና እንካፈል ነው ነገሩ። ታዲያ አያልነህ ምን አደረገ? ገባ፣ የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና የገዛ ጣሪያውን ተኮሰው። ቆርቆሮ ነው እንግዲህ፣ ሠፈሩ በሙሉ ተናጋ። ገዢው እስከ ዛሬም የሚሮጥ ይመስለኛል።

ደረስን። የጣቢያ ፖሊሶች ጥግ ጥግ ይዘዋል። ከበደ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ «ወንድሜን እንዳትገሉብኝ፣ ቤቱ ገደል ይግባ፣ ወንድሜን እንዳትገሉብኝ» ይላል። አዛዣችን ኢንስፔክተር ታምራት ነው፣ ደህና ሰው፣ ግን ችኩል፣ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝለት ነው የሚጠጣው። በቅድሚያ ያደረግነው ምን መሰለሽ፣ በዙሪያው ያለውን ቤት ሁሉ ባዶ ማድረግ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፣ የማንም ልጅ ላይ እንዳታርፍ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደመጣላቸው ላያቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ፣ አንዱ ተገልብጧል አንዱ ተዘቅዝቋል፣ ማን ልብ ይላል። አንዷ ማሰሮዋን እሳት ላይ ትታ ነው የወጣችው፣ «ወጤ አረረ» ብላ ታለቅሳለች፣ ተመለሺ ደግሞ አንላትም። ሁሉንም ጥግ ላይ አቆምናቸው። ጎበዝ፣ ድምፅ አይሰማ ተባለ። ጸጥ።

ታዲያ እኔ ማጉያዬን ያዝኩና ጀመርኩ።

«አያልነህ፣ ሳጅን ደምሴ እባላለሁ። ጠዋት ምን በላህ?»

«ሂድልኝ ከዚህ።»

«እሄዳለሁ። ምን በላህ?»

«ምን አገባህ?»

«እኔ ሳልበላ ነው የመጣሁት፣ አንተ ከበላህ ቅናት እንዳይዘኝ ብዬ ነው።»

ይሄ የእኔ ዘዴ ነው፣ ልጄ፣ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ስለ ጠመንጃው አትጀምሪም፣ ስለ ሆዱ ትጀምሪያለሽ። እና ከብዙ ቆይታ በኋላ በመስኮቱ ስንጥቅ፣ «ያ ቆብ ያደረገው ምን ያፈጣል? ቆብ የደፋ ሁሉ ዞር ይበልልኝ፣ አለዚያ እተኩሳለሁ» አለ። ኢንስፔክተሩን ለመንኩት፣ የምንታየው ሰዎች ቆባችንን እናውልቅ፣ እንቀመጥ፣ ይረጋጋ። አልሞ ተኳሾቹ በተደበቁበት ናቸው፣ እነሱን አያያቸውም። «እሺ» አለ። የት እንቀመጥ? ደጁ ላይ ከተደረደሩት ከገዛ አግዳሚዎቹ ሁለቱን ይዘን እስከ ማዶው አጥር ድረስ ወደ ኋላ ሸሸንና፣ በሰልፍ፣ ራሳችንን ገልጠን፣ ቆባችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ቁጭ አልን። ጥቁር ለብሰናል፣ ማንም አያወራም። ይህን ያዢልኝ።

ተቀመጥን፣ ተቀመጥን። አያልነህ አንድ ይላል፣ ዝም ይላል። ከወንድምህ ላገናኝህ ብለው አይሆንም። ቄስ ላምጣልህ ብለው አይሆንም። «ማንን ላምጣልህ ታዲያ?» አልኩት።

«ማንም የለኝም» አለኝ። «እናቴ ነበረች፣ እሷም ሄደች። ብሞትም ዕድር የለኝ፣ ማዘጋጃ ቤት አንስቶ ይጣለኝ።»

ሰው ስለ ቀብሩ ማሰብ ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው። ዕድር የለኝም የሚለው ምን እንደሆነ ጎረቤቶቹን ጠየቅኩ። ለካ የእናቱ ቀብር ዕለት የዕድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ውሎ ዘገየ፣ ዝናብ መጣ፣ ለቀስተኛው ላይ ወረደበት፣ ድንኳኑ ሲደርስ ደግሞ ቀዳዳ ኖሮት የእናቱ ሬሳ ላይ አንጠባጠበ። አያልነህ ያን ዕለት ቻለው። በኋላ ግን በስብሰባው መሐል ተነሥቶ የዕድሩን ዳኛ፣ ጋሽ ኃይሌ የሚባሉትን፣ «ከእንግዲህ ሞቼ ብሸት እንኳ እንዳትደርሱብኝ» ብሎ ጥሎ ወጣ። ጋሽ ኃይሌም ኩሩ ናቸው፣ «አንደርስብህም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሱ ለቅሶ አይደርስ፣ እሱን የሚጠይቅ የለ፣ ሰላምታውም በቅንድብ ሆነ።

ታዲያ ኢንስፔክተሩ መጣና ጆሮዬ ሥር፣ «ሳጅን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ ሽማግሌውን እልካለሁ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ከገባን ይተኩሳል።»

«ካልገባንስ ራሱ ላይ ቢተኩስ?»

እውነቱን ነው እኮ። ግን እኔም አውቃለሁ፣ በሩ ሲሰበር እሱ ይተኩሳል፣ የእኛም ልጆች ይተኩሳሉ፣ ወይ እሱ ወይ ከእኛ አንዱ ከዚያ ቤት በእግሩ አይወጣም። ሁለቱ በር ሰባሪዎች ብረቱን ከመኪናው አውርደው አጥሩ ሥር አጋደሙት።

እና አሁን ነው ጉዱ።

ከላይ መንደር የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ አቶ ሽብሩ፣ ወደ ገበያ ሊወርድ ሲያልፍ ጥጉ ላይ ብቅ አለ። ጠዋት ተኩስ ሰምቷል። አሁን ምን ያያል? የአያልነህ በር ተዘግቷል። ሴቶች ነጠላ ዘቅዝቀው ቆመዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጥቁር የለበሱ ወንዶች አግዳሚ ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ወንድምየው መሬት ላይ ነው። መቼም ለቅሶ ቤት ደጅ ቆመሽ «ማን ሞተ?» ብለሽ አትጮሂም፣ ነውር ነው፣ ቀስ ብለሽ ዳር ያለውን ነው የምትጠይቂው። አቶ ሽብሩም ቀስ ብሎ ጥጉን የሚጠብቀውን የእኛን ባልደረባ፣ ደስታን፣ በዐይኑ ጠየቀው። ደስታ እንዳይናገር ታዟል። ተረኛ ሆኖ ስላደረ ዐይኑ ደም መስሏል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና በአገጩ ወደ አያልነህ ቤት አመለከተው። በቃ። አቶ ሽብሩ አንገቱን ነቀነቀ፣ ደስታን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ፣ ሄደ።

«ደስታ ምን አለ?» አልኳቸው።

ምን ይላል፣ «ጨዋ ሽማግሌ ናቸው» ብሎ አሰበ።

ታዲያ ቁጭ እንዳልን፣ ከላይ መንደር ጥሩምባው ጡ… ጡ… አለ። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ የቆመ ሰው ያስቀምጣል። ከዚያ የአቶ ሽብሩ ድምፅ፣ ረጅም፣ እየጎተተ፣ «አናጢው አያልነህ… ዐርፏልና… ድንኳን ይውጣ… ያልሰማህ ስማ…»

እኛ ተያየን። ኢንስፔክተሩ እኔን አየ፣ እኔ ቤቱን አየሁ። ከዚያ መስኮቱ ገርበብ አለና፣

«ሳጅን» አለኝ። ሳጅን ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

«አቤት።»

«ማነው የሞተው?»

ምን ልበለው? ልዋሽ አልችልም፣ ሥራዬ በውሸት ከተጀመረ አይሄድም። «ጥሩምባ ነፊው እንደሚለው ከሆነማ አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ ከዕድር ወጥቻለሁ እኮ» አለ።

«እሱን ለነሱ ንገራቸው፣ እየመጡ ነው።»

እየመጡ ነበር እውነትም። ከላይ ሴቶች በሩጫ፣ ነጠላ መሬት እየጠረገ፣ ወንዶች አግዳሚ ተሸክመው፣ ድንኳኑ በጋሪ፣ ቋሚው ብረት እየተንኳኳ፣ ጋሽ ኃይሌ ከፊት በከዘራ። ልጄ፣ እኔ አድማ አይቻለሁ፣ ግርግር አይቻለሁ፣ የኮልፌ ለቀስተኛ ሲመጣ ግን ጋሻ አያቆመውም። ጥጉ ላይ ልጆቻችን እጅ ለእጅ ተያይዘው አገዷቸው፣ እዚያው ጥጉ ላይ ሆነው ለቅሶውን አቀለጡት። ጎረቤቶቹ «አልሞተም» ቢሏቸውም በዚያ ዋይታ ማን ሰምቶ። ከፊት ያለችው ሴትዮ፣

«አያልነህ ወንድሜ፣ እጀ ወርቁ፣ የሠራህልኝ አግዳሚ፣ የማይነቃነቀው…»

«አልማዝ ናት?» ይላል ከውስጥ።

«አላውቃት፣ ወፈር ያለች ናት።»

«አልማዝ ናት። ይነቃነቃል እያለች ስንቴ መልሳብኛለች። ሞቼ ነው የማይነቃነቅ የሆነው?»

ሌላው ደግሞ ጎልማሳ ነው፣ ደረቱን እየደቃ፣ «ቁም ሳጥኔን ያለ በር ትተህብኝ፣ አያልነህ፣ ማን ይዘጋልኝ…»

«በሩን ሠርቼዋለሁ፣ እዚህ ቆሞልሃል» ብሎ ጮኸ አያልነህ። ሰውየው በለቅሶው ውስጥ አልሰማውም። አያልነህ ደግሞ ተናደደ፣ «ሳጅን፣ ንገረው እንጂ፣ በሩ አልቋል በለው።»

ኢንስፔክተሩ መጣ፣ ፊቱ ቀልቷል። «በትናቸው፣ ሳጅን። ይሄ የዘመቻ ቦታ ነው፣ ሰው ያስመቱናል።»

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ አላወራም። ለደቂቃ ይተዉዋቸው፣ ጥጉን አያልፉም።»

«ሞተ ብለው ነው እኮ የሚያለቅሱት።»

«እሱም ይስማ።»

እግዜር ይስጠው፣ ዝም አለ። አየሽ፣ ኃይለኛ አዛዥ ብዙ ነው፣ ዝም ማለት የሚችል ግን ጥቂት።

ከዚያ ጋሽ ኃይሌ ወደ ፊት መጡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አላለቀሱም። «አያልነህ፣ ልጄ፣ ያን ቀን አንደርስብህም ያልኩት አፌ ነው። ይኸው ደርሻለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ አትሰማኝም» አሉ።

ይሄኔ መስኮቱ ወለል አለ። አያልነህ ብቅ አለ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ላይ በላዩ የእንጨት ብናኝ ለብሶ፣ ጠመንጃውን ይዞ፣ እና በሙሉ ድምፁ፣

«ለእናቴ ዘግይታችሁ ለእኔ ሳልሞት መጣችሁ?»

አልማዝ አፏን እንደከፈተች ቀረች። የቁም ሳጥኑ ሰውዬ ደረቱን ሊመታ ያነሣው እጁ በአየር ላይ ቀረ። አቶ ሽብሩ ጥሩምባውን ከጀርባው ደበቀ።

ጋሽ ኃይሌ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ፣ ሰው እንዲህ ሲደክም?»

«እናንተ መቼ ጠየቃችሁ? ሞቼ ካልሆነ መች ትመጣላችሁ?»

አሁን ይሄ ጥያቄ ነው።

ታዲያ እኔ ማጉያውን አስቀመጥኩት፣ አያስፈልግም፣ በአፌ፣ «አያልነህ፣ አሁን ውጣ» አልኩት።

«አልወጣም።»

«ለምን?»

ድምፁን ቀነሰ። «ያዩኛል። እጄን አንስቼ፣ እንደ ሌባ፣ በአልማዝ ፊት? አልወጣም ሳጅን። ከዚህስ ብሞት ይሻለኛል።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፣ መግደሉን ትቶታል፣ መሞቱንም የተወው ይመስላል፣ ግን ዕፍረት በሩ ላይ ቆማበታለች። ዕፍረትን ደግሞ በዚያ ብረት አትሰብሪያትም። አሰብኩ፣ አሰብኩና ጋሪው ላይ ያለውን ድንኳን አየሁት። «ድንኳኑን ደጅህ ላይ እንትከልልህ?» አልኩት። «ከበርህ እስከ መኪናችን ድረስ። በውስጡ ትወጣለህ፣ ማንም አያይህም።»

አሰበ። «ቀዳዳው ተሰፍቷል?»

«ጋሽ ኃይሌ፣ ቀዳዳው ተሰፍቷል ወይ ይላል።»

«ተሰፍቷል በለው» አሉ፣ በቁጣ።

«ይተከል እንግዲህ። ሲያልቅ ጠመንጃውን አስረክባችኋለሁ።»

ለኢንስፔክተሩ ሄጄ ነገርኩት። አየኝ፣ አየኝ፣ «ሳጅን፣ ይሄ ዘመቻ ነው ወይስ ለቅሶ?» አለ። «ሁለቱንም ነው ጌታዬ» አልኩት። ሰዓቱን አየ፣ ያንን የተጋደመ ብረት አየ፣ «የዕድር ሰው ወደዚያ አይጠጋም፣ ጠመንጃ አለ። የእኛ ልጆች ይትከሉት» አለ።

ታዲያ ያ ቡድን፣ ልጄ፣ ከፎቅ በገመድ የሚወርድ፣ የብረት በር በአንድ ትንፋሽ የሚከፍት፣ ጥይት መከላከያውን ለብሶ፣ ሁለቱ ጋሻ ይዘው ከፊት፣ ሌሎቹ ድንኳን ሊተክሉ ሄዱ። ሊተክሉ ነው ያልኩሽ። አንደኛው ሸራ ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋው። በዚህ ሲያነሡት በዚያ ይወድቃል። ጋሽ ኃይሌ ከጥጉ ሆነው ከዘራቸውን እያወናጨፉ፣ «ረጅሙን መሐል፣ አጭሩን ዳር፣ ዳር አልኩህ፣ አንተ ጥቁር ለባሽ» ይላሉ። ሁሉም ጥቁር ለባሽ ነው፣ የቱ ይስማ።

አያልነህ በመስኮት ያያል። ከዚያ፣ «ወደ ቀኝ» አለ። ከዚያ፣ «ወደ ቀኝ ያልኩህ በእኔ ቀኝ ነው።» ከዚያ፣ «ካስማውን አጋድመህ ምታው እንጂ፣ ቀጥ አድርገህ የሚመታ ማን አስተማረህ?» ደስታ ካስማውን በጫማው ተረከዝ ነው የሚመታው፣ መዶሻ የለውም። ካስማው ታጠፈ። መሐሉን የያዘው ቋሚ ዘንበል፣ ዘንበል፣ ዘንበል አለና ድንኳኑ በሙሉ ቡድኑ ላይ ወረደባቸው። ከሥሩ ጋሻ ብቻ ነው የሚታየው፣ እንደ ኤሊ።

«ኧረ ተዉት» አለ አያልነህ፣ «ኧረ በስማም፣ ተዉት፣ አታበላሹት» አለና መስኮቱ ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲነሣ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ።

ወጣ። በፍጥነት ነው የወጣው፣ ቀኝ እጁ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት ይዟል። ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ፣ አልሞ ተኳሾቹ እንዳነጣጠሩበት አውቃለሁ፣ «መዶሻ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ «መዶሻ ነው፣ ማንም እንዳይነካው!»

አንድም ጣት አልተንቀሳቀሰም። ይሄን ነው ሥልጠና የምልሽ። ሰው ሥልጠናን መተኮስ ይመስለዋል። የዚያን ዕለት አሥር ጣት ያለው ሁሉ አንዷን ባያንቀሳቅስ ነው አያልነህ ዛሬ በሕይወት ያለው።

እሱ ደግሞ ይሄን ሁሉ አላየም። ተንበረከከና ካስማውን አቃና፣ አጋድሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሸራውን አነሣ፣ ከሥሩ ሰው እየጎተተ አወጣ፣ «አንተ ይሄን ያዝ፣ አንተ ያንን፣ ሳይላላ» እያለ። ቡድኑም «እሺ፣ እሺ» ይላል። ጠመንጃውን ከውስጥ አንዱ ባልደረባችን ገብቶ ከአልጋው ላይ አነሣው። ሠፈሩ በሙሉ በጠራራ ፀሐይ ያየዋል፣ አልማዝ ታየዋለች፣ እሱ ግን የሚያየው ቋሚውን ነው። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዙሪያውን ዞሮ አየ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ «በማን እጅ ነው የተሰፋው? ወስፌ የያዘ ሰው የለም እዚህ ሠፈር?» አለ። ከዚያ ነው ቀና ብሎ ሰውን ያየው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ጋሽ ኃይሌ ደረሱበት። ራሱን ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ከበደ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ፣ «ቤቱ አይሸጥም» ይላል፣ አያልነህ ያለቅሳል፣ አልማዝ እንደገና ጀመረች፣ ይሄኛው ለቅሶ የምን እንደሆነ ባላውቅም። ከዚያ አያልነህ አግዳሚው ላይ፣ እኔ አጠገብ፣ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። «በል ውሰደኝ» አለ። ካቴናውን መኪናው ውስጥ ገብተን ነው ያጠለቅሁለት። ኢንስፔክተሩ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር፣ እንዳላየ።

«ከዚያስ፣ ጋሼ? ታሰረ?» አልኳቸው።

ታሰረ እንጂ፣ ተኩሷል እኮ፣ ሕግ አለ። ግን ሰው አልቆሰለም፣ ዕድሩ በሙሉ ዋስ ልሁን ብሎ ጣቢያውን ሞላው፣ ቀለል ብሎለት ወጣ። ወንድማማቾቹም ታረቁ፣ ቤቱም አለ። አያልነህ ወደ ዕድሩ ተመለሰ፣ አሁን የድንኳኑ ኃላፊ እሱ ነው፣ ዘገየ የሚል የለም።

«የቀረውን አትነግራትም?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ምኑን?

«ንፍሮውን።»

ተዪ እንጂ አንቺ።

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። «ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል፣ ለቅሶ ነው ብለው። ሬሳ የለ። ንፍሮ ደግሞ ወደ ቤት አይመለስም። ታዲያ ለማን ይሰጥ? ለነዚህ። ያን ቀን ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ እኔ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ሰምቼ ነፍሴ ተሰቅላ ቁጭ ብያለሁ፣ ሞቷል ብዬ፣ የብረት ቆቡን ሙሉ ንፍሮ ይዞ አይመጣ መሰለሽ? ‹ብዪ› አለኝ። እኔ ላለቅስለት የተዘጋጀሁ ሰው።»

በልተሻል ግን።

«በላሁ። ጨው አንሶት ነበር።»

ጋሽ ደምሴ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ በመዳፋቸው ዐይናቸውን ጠረጉና፣ አየሽ ልጄ፣ አሉኝ፣ ያ ቡድን ለምንድን ነው ቢሉሽ፣ በር ለመስበር ነው እንዳትዪያቸው። በር መስበር የሚችል ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲታገሥ፣ ሌላው ሰው የሚደርስበት ጊዜ ያገኛል። እኛ ያን ቀን የሰጠነው ጊዜ ነው። አያልነህን ያወጣው መንደሩ ነው፣ ያውም ተሳስቶ።

እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ከደህና አደሩ በቀር ከማንም ጋር ብዙ አላወራም ነበር። ባሌ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ከልጄ ጋር በሬን ዘግቼ እውላለሁ። በቀጣዩ እሑድ እትዬ ዘነበች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ሴቶች ዕድር ስብሰባ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ልጄን ከአልጋው አንሥቼ አዘልኩትና ከበሩ ደረስኩባቸው።

«ይጠብቁኝ፣ እትዬ፣» አልኳቸው፣ «አብሬዎት ልምጣ።»